ድሮን በመኪና ፋብሪካ፦ የሳይበር ደህንነትንና የግል መረጃን የመጠበቂያ መመሪያ

ፎርድ በእንግሊዝ ዳገናም በሚገኘው የሞተር ፋብሪካው ጣሪያ ሥር የተዘረጉ፣ እስከ 40 ሜትር የሚረዝሙ የብረት ድልድዮች አሉት። ቀድሞ ሠራተኞች በመወጣጫ መድረክ እየወጡ ይፈትሿቸው ነበር። ካሜራ የተሸከመ ድሮን ሥራውን ሲረከብ 12 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ፍተሻ በ12 ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። ሴያት እ.ኤ.አ. በ2019 ስፔን ውስጥ ከአብሬራ የሎጂስቲክስ ማዕከል ወደ ማርቶሬል ፋብሪካው መሪና ኤርባግ በድሮን ልኳል። አውዲም ጀርመን ኔካርዙልም በሚገኘው ግቢው ለመላኪያ የተዘጋጁ መኪኖች የት እንደቆሙ በድሮን የመፈለግ ሙከራ አድርጓል። የጣሪያ ፍተሻውና የማስታወቂያ ቀረጻው ሲጨመርበት፣ ድሮን በመኪና ፋብሪካ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል።

ስለ ድሮን ደህንነት ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰማይ ላይ ስለሚጠለፍ ድሮን ነው። ይህ የሚሆን ነገር ነው፤ ከታች እመጣበታለሁ። እኔ አጥብቄ የምለው ግን የጥንቃቄው ትልቁ ክፍል ድሮኑ ካረፈ በኋላ መሆን አለበት ነው። በረራው በደቂቃዎች ያልቃል። የተቀረጸው ግን በካርድ፣ በታብሌት፣ በክላውድና በሥራ ተቋራጩ ላፕቶፕ ላይ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ማንም ሳያስታውሰው። ገና ለገበያ ያልቀረበ ሞዴል፣ የሠራተኞች ፊትና እንቅስቃሴ፣ የፋብሪካው የምርት ኔትወርክ፣ ሦስቱም ሊወጡ የሚችሉት በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

መመሪያው በፋብሪካ፣ በሙከራ ሜዳ ወይም በመኪና ማቆያ ግቢ ድሮን ለሚያበሩ፣ ለሚያሠሩና ለሚፈቅዱ ሰዎች የተጻፈ ነው።

ደረጃ 1፦ ድሮኖቹን ብቻ ሳይሆን በረራዎቹን ሁሉ መዝግቡ

በፋብሪካው ስም የተገዙትን ድሮኖች መቁጠር ቀላል ነው። ከቁጥር የሚያመልጡት የሌሎች ናቸው። የማስታወቂያ ክፍሉ የቀጠረው የቪዲዮ ቡድን፣ ጣሪያ የሚፈትሸው ተቋራጭ፣ ለኢንሹራንስ ግምት የመጣው ባለሙያ፣ ግቢውን የሚለካው ቀያሽ፣ ሁሉም የራሳቸውን ድሮን፣ የራሳቸውን ስልክና የራሳቸውን የክላውድ አካውንት ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ የድሮን መዝገብ ትክክለኛ ቦታው የግዢ ክፍል ሳይሆን የጥበቃ በሩ ነው። ያልተመዘገበ ድሮን በማንም ትእዛዝ ቢሆን አይገባም።

ለእያንዳንዱ ድሮን በአንድ መስመር የሚጻፈው ይህ ነው፦ መለያ ቁጥሩ፣ የፈርምዌሩ (ድሮኑን የሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) እትም፣ የሚቆጣጠረው ታብሌት ወይም ስልክ፣ አካውንቱ የተከፈተበት ስም፣ የሜሞሪ ካርዶቹ ቁጥር፣ ቀረጻው በመጨረሻ የሚቀመጥበት ቦታና የሚጠፋበት ቀን። መስመሩን ስትሞሉ አካውንቱ ድርጅቱን በለቀቀ ሠራተኛ የግል ኢሜይል የተከፈተ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ወደ ሌላ ደረጃ ከመሄዳችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ። የበረራ ታሪካችሁ በሙሉ በዚያ ሰው እጅ ነው ማለት ነውና።

ደረጃ 2፦ ድሮኑ ማየት የሌለበትን ወስኑ

ግቢውን በካርታ ላይ በሦስት ክፈሉት። ያልተለቀቁ ሞዴሎች፣ የዲዛይን ክፍልና የሙከራ መንገድ ያሉበት ቦታ ቀይ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ አይበረርበትም። የማምረቻ መስመሮችና ሠራተኛ የሚበዛባቸው ቦታዎች ቢጫ ናቸው። ባዶ ጣሪያና የተጠናቀቁ መኪኖች ማቆያ አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር መስፈርቶችን መሠረት ያደረገው የቲሳክስ የመረጃ ደህንነት ምዘና ለሙከራ ተሽከርካሪዎችና ለክፍሎቻቸው ጥበቃ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ለትልቅ አምራች ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት ይህን ምዘና ማለፍ ብዙ ጊዜ ስለሚጠየቅ፣ የድሮን ካርታው ከዚያ ሰነድ ጋር መያያዝ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ። የሙከራ መኪኖች በጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ፕላስቲክ ተሸፍነው እንደሚነዱ የታወቀ ነው። ሽፋኑ የተሠራው የሰውን ዓይንና ተራ ፎቶግራፍን ለማሳሳት ነው። ድሮን ግን የአስፋልት ልኬታ ሲሠራ ተደራራቢ ፎቶዎችን ያነሳል፤ ሶፍትዌሩ በፎቶዎቹ ውስጥ ያሉትን ተመሳሳይ ነጥቦች እያዛመደ ሦስት ገጽታ ያለው ሞዴል ይሠራል። ሶፍትዌሩን የሚያስቸግረው ነጠላ ቀለም ያለው አንጸባራቂ ገጽ ነው፤ ዥጉርጉር ገጽ ግን የሚዛመዱ ነጥቦች ስለሚሞሉበት ሥራውን ያቀልለታል። ስለዚህ ለመንገድ ልኬታ በተነሳ ቀረጻ ዳር ላይ የቆመ አንድ የሙከራ መኪና፣ ስስ ሽፋኑ ሳይከልለው ቅርጹ በልኬት ሊወጣ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የልኬታ በረራ ባለበት ቀን የሙከራ መኪኖች ጋራዥ ይግቡ፤ መግባት ካልቻሉ በልቅ ጨርቅ ይሸፈኑ።

የበረራ ክልልን በሶፍትዌር መገደብ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አትመኑት። ገደቡ የሚሠራው ድሮኑ ያለበትን ቦታ በትክክል ካወቀ ነው። ደግሞም ድሮኑ ከቀዩ ክልል ውጭ ሆኖ ካሜራው ወደ ውስጥ ሊያይ ይችላል። በፈቃዱ ላይ የበረራውን መንገድ ብቻ ሳይሆን ከፍታውን፣ የካሜራውን አቅጣጫና የሌንሱን የማቅረብ ኃይልም ጻፉ። የሙቀት ካሜራ ከተጫነ ለብቻው ይፈቀድ፤ ከጣሪያ የሚወጣው ሙቀት የትኛው መስመር እየሠራ እንደሆነ ሊጠቁም ይችላልና።

ደረጃ 3፦ የሠራተኛውን መብት ከበረራው በፊት አስቡ

ከራሱ በላይ ካሜራ እየዞረ የሚሠራ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ እኔን ነው የሚያዩት? መልሱ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥና ለሠራተኛው መነገር አለበት። ለብረት ድልድይ ፍተሻ የተነሳ ቪዲዮ ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን ከቦታው እንደጠፋ ለማጣራት ከዋለ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ፋብሪካ ድሮንን የሚያምን ሠራተኛ አይኖርም፤ ተገቢም ነው። በዓላማ መግለጫው ላይ «ለዲሲፕሊን እርምጃ አይውልም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ይፈርምበት።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚሠሩ ድርጅቶች የመረጃ ጥበቃ ደንቡ አንቀጽ 35 በሰዎች መብት ላይ ከፍተኛ ስጋት ሊያስከትል ለሚችል ሥራ አስቀድሞ የተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዝዛል። ደንቡ ባይመለከታችሁም ግምገማው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ጠቃሚ ናቸው፦ ምን ይቀረጻል? ለምን? ሰው ሳይቀረጽ ሥራው ሊሠራ አይችልም? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። በአኸን የሚገኘው የአርደብሊውቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሱን ለሚነዳ መኪና ምርምር እንዲያገለግል በጀርመን አውራ ጎዳናዎች ላይ የ110,500 ተሽከርካሪዎችን እንቅስቃሴ በድሮን ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ አድርገዋል። ከላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያይ ካሜራ የተሽከርካሪውን መጠን፣ ፍጥነትና የመስመር ለውጥ ይሰጣል፤ የሹፌሩን ፊት ግን አይሰጥም። ከፍታንና አቅጣጫን በመምረጥ ብቻ የግል መረጃው ገና ከመሰብሰቡ በፊት ይቀራል። ከተቀረጸ በኋላ ፊትና ሰሌዳ ማደብዘዝ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ቢጫ ክልል ውስጥ የሚደረግ በረራ በፈረቃ መለዋወጫ ወይም በምሳ ሰዓት ይሁን። ድምፅ መቅጃ ካለ ይዘጋ። የጎረቤት ቤቶችን ግቢ የሚያሳይ መስመር ይቀየር።

ደረጃ 4፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከዚያም ራሳችሁ ፈትሹ

ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። በድሮኑና በመቆጣጠሪያው መካከል ያለው የሬዲዮ ግንኙነት የተመሰጠረ ነው? ድሮኑ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ፈርምዌር ይቀበላል? ያለ ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ይሠራል? በውስጡ ያለው ማስታወሻ የተመሰጠረ ነው? የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጠው እስከ ስንት ዓመት ነው? ድክመት ያገኘ ሰው የሚያሳውቀው ለማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው አምራች ለሌሎቹ የሰጠውም መልስ ያጠራጥረኛል።

የተሠራበት አገር ጉዳይ ክርክር አለበት። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም ሲሳ ከኤፍቢአይ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቻይና የተሠሩ ድሮኖች መረጃ ወደ አገሪቱ መንግሥት ሊያደርሱ ይችላሉ የሚል ማሳሰቢያ አውጥቷል። ደንበኛችሁ ወይም መንግሥታችሁ የከለከለውን አትግዙ። ነገር ግን ከየትም ይምጣ፣ ድሮኑ ከማን ጋር እንደሚነጋገር በራሳችሁ ዓይን እዩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ታብሌቱን ከፋብሪካው ኔትወርክ በተለየና ትራፊኩ በሚመዘገብ ዋይፋይ ላይ አገናኙት። መተግበሪያውን ክፈቱ፣ አጭር በረራ አድርጉ፣ ዝጉት፣ ታብሌቱንም እስከ ማግስቱ ጠዋት ተዉት። ከዚያ ወደ የትኞቹ ሰርቨሮች ምን ያህል መረጃ እንደወጣ አንብቡ። ከበረራው በኋላ፣ መተግበሪያው ተዘግቶ ሳለ የወጣ መረጃ ካለ ትኩረታችሁ እሱ ላይ ይሁን። ይህን ፈተና ከእያንዳንዱ ትልቅ ማሻሻያ በኋላ ድገሙት።

ደረጃ 5፦ የሬዲዮውንና የአቅጣጫውን መስመር ጠብቁ

እ.ኤ.አ. በ2013 ሳሚ ካምካር የተባለ የደህንነት ተመራማሪ እየበረረ ሌሎች ድሮኖችን የሚጠልፍ ድሮን ሠርቶ አሳየ። ኢላማው የነበረው ፓሮት ኤአር ድሮን የይለፍ ቃል በሌለው ዋይፋይ የሚቆጣጠሩት ነበር። ዛሬ የሥራ ድሮኖች ከዚያ የተሻሉ ናቸው። ፋብሪካዎች ለራሳቸው ሥራ አስማምተው የሚያሠሯቸው ድሮኖች ግን አሁንም ያሳስባሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ማቭሊንክ የተባለውን ክፍት የመልእክት ሥርዓት ነው። የማቭሊንክ ሁለተኛ እትም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ 13 ባይት የሚጨምር ፊርማ አለው፤ ፊርማው የውሸት ትእዛዝንና ተቀድቶ የተደገመ ትእዛዝን ይከላከላል። ሁለት ነገር ግን አትዘንጉ። ፊርማው አማራጭ ስለሆነ ካልከፈታችሁት የለም። ከተከፈተም በኋላ መልእክቱን አይመሰጥረውም፤ የሚሰማ ሰው ድሮኑ የት እንዳለ ያነባል። ስለዚህ ምስጠራው ከሥር ባለው የሬዲዮ መስመር ላይ መጨመር አለበት።

የጂፒኤስ ምልክት ከሳተላይት ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ በሐሰተኛ ምልክት ማታለል ይቻላል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በዋይት ሳንድስ ይህን በአንድ ሲቪል ድሮን ላይ በተግባር አሳይተዋል። ከቤት ውጭ ለሚደረግ በረራ፣ ጂፒኤሱ የሚለው ቦታና ድሮኑ በካሜራው እያየ የሚለካው ቦታ ሲለያዩ ድሮኑ ባለበት እንዲቆምና አብራሪው እንዲረከብ አስተካክሉ።

በአዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ በረራ የምሰጠው ምክር ከዚህ ይለያል፤ ጥንቃቄው ጠላፊ ባይኖርም ያስፈልጋል። ብዙ ድሮኖች ግንኙነት ሲቋረጥ ወደተነሱበት ቦታ እንዲመለሱ ተደርገው ይመጣሉ። ለመመለስ ደግሞ አስቀድሞ ወደተወሰነ ከፍታ ይወጣሉ። በተከፈተ በር ወይም በጣሪያ መስታወት አጠገብ ሳለ ደካማ የሳተላይት ምልክት ይዞ መነሻውን የመዘገበ ድሮን፣ መስመሩ ሲቋረጥ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ሊወጣ ይችላል፤ ሥሩ ሰው አለ። በአዳራሽ ውስጥ የግንኙነት መቋረጥ ምላሹ «ባለህበት ቁም» ወይም «ባለህበት እረፍ» እንዲሆን በቅንብሩ ለውጡ፤ ከመጀመሪያው በረራ በፊትም መቆጣጠሪያውን አጥፍታችሁ ሰው በሌለበት ሞክሩት። ጠላፊ ግንኙነትን ማወክ ብቻ በቂው እንዳይሆን የሚያደርገውም ይኸው ቅንብር ነው።

ደረጃ 6፦ ታብሌቱንና ማረፊያ ጣቢያውን ከምርት ኔትወርኩ ለዩ

ለድሮን የሚያገለግል ታብሌት ለሌላ ሥራ አይዋል። የግል ኢሜይል፣ ማኅበራዊ መገናኛና ጨዋታ አይጫንበት። በድርጅቱ አካውንትና በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት፤ ከጠፋም በውስጡ ያለው መረጃ ከሩቅ የሚሰረዝ ይሁን። ከሮቦቶችና ከመገጣጠሚያ መስመሮች ኔትወርክ ጋር በምንም መንገድ አይገናኝ። የኢንዱስትሪ ኔትወርኮችን የሚመለከተው አይኢሲ 62443 መስፈርት ኔትወርክን በክልሎች መክፈልንና በመካከላቸው ያለውን መተላለፊያ መቆጣጠርን ያስተምራል። ድሮን የራሱ ክልል ይኑረው።

በተለይ ተጠንቀቁ የምለው ጣሪያ ላይ ስለሚተከለው የማረፊያ ሳጥን ነው። ድሮኑ በራሱ ወጥቶ፣ በርሮ፣ ተመልሶ የሚሞላበት ሳጥን የኔትወርክ ገመድ ይገባለታል። ይህ ማለት ጥበቃ በማይደርስበት፣ ጠጋኝና አጽጂ በሚወጣበት ጣሪያ ላይ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ የሚያስገባ ሶኬት ተተክሏል ማለት ነው። ገመዱን የሚቀበለው ማከፋፈያ የታወቀውን መሣሪያ ብቻ እንዲያስገባ አድርጉ፤ የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ይላክ፤ ያልተያዙ መግቢያዎች ይዘጉ።

ደረጃ 7፦ ካረፈ በኋላ ያለውን ሥራ እንደ በረራው አክብሩት

ድሮኑ ሲያርፍ አብራሪው ባትሪ አውጥቶ ወደ ቢሮ ይሄዳል። በዚህ ሰዓት የቀረጻው ቅጂ ስንት ቦታ እንዳለ እንቁጠር። ዋናው በሜሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ብዙ ድሮኖች የውስጥ ማስታወሻም ስላላቸው ካርዱ ሲሞላ ወይም ሲረሳ እዚያ ይቀረጻል። የመቆጣጠሪያ መተግበሪያው አብራሪው በቀጥታ ያየውን ምስል አነስ ባለ ጥራት ታብሌቱ ላይ ያስቀምጣል። ከቪዲዮው አጠገብ የየሰከንዱን የጂፒኤስ ቦታ የያዘ የጽሑፍ ፋይል የሚፈጥሩ ድሮኖች አሉ። የበረራ መዝገቡ ደግሞ መነሻ ቦታውን፣ መንገዱንና ሰዓቱን ይዟል። መተግበሪያው በራሱ ወደ ክላውድ የሚልክ ከሆነ እሱም ተጨመረ። ካርዱን አጽድቶ «ሰርዣለሁ» ያለ ሰው የሰረዘው ከእነዚህ አንዱን ነው።

ስለዚህ ከማረፍ በኋላ ያለው ሥራ በቅደም ተከተል ይሠራ። ካርዱ ድሮኑ በቆመበት ቦታ ይውጣና ቁጥሩ በተጻፈበት ፖስታ ይግባ፤ አብራሪው ይፈርም። ፋይሎቹ ወደ ላፕቶፕ ሳይሆን ለዚሁ ሥራ ወደተለየ ኮምፒውተር ይገልበጡ፤ ይህ ኮምፒውተር ካርዱን ለአጥፊ ሶፍትዌር ይፈትሻል። እየዞረ በየሰው ላፕቶፕ የሚገባ ካርድ ቫይረስ ያዞራልና። ከተገለበጠ በኋላ የእያንዳንዱ ፋይል ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ይመዝገብ፤ ነገ ቪዲዮው ለአደጋ ምርመራ ቢፈለግ እንዳልተነካ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ቀረጻውን አይቶ ቀይ ክልል፣ ፊት ወይም ሰሌዳ የገባበትን ይለያል፤ ይቆረጣል ወይም ይደበዝዛል። በመጨረሻ የታብሌቱ ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ የድሮኑ የውስጥ ማስታወሻና ካርዱ ይጸዳሉ። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ብቻ ድሮኑ ለቀጣዩ በረራ ዝግጁ ነው ተብሎ ይመዝገብ።

ፎቶ ወደ ውጭ ሲላክ በውስጡ የተደበቀውን መረጃ ማጽዳት የግድ ነው። ለጋዜጣ የተላከ አንድ ቆንጆ የፋብሪካ ፎቶ የተነሳበትን ትክክለኛ ቦታ፣ ከፍታና ሰዓት፣ አንዳንዴም የድሮኑን መለያ ቁጥር ይዞ ይሄዳል።

ስለ ማጥፋት አንድ ቃል። የሜሞሪ ካርድ ውስጣዊ አሠራር መረጃን በየቦታው እያፈራረቀ ስለሚጽፍ፣ ፎርማት ማድረግም ሆነ ላዩ ላይ ደጋግሞ መጻፍ ሁሉን አጠፋ ማለት አይቻልም። አንዳንድ የሥራ ድሮኖች ካርዱን በይለፍ ቃል ይመሰጥራሉ፤ ካለ ክፈቱት። ቀይ ክልል የገባበት ያልተመሰጠረ ካርድ ግን ተቆራርጦ ይወገድ። የካርድ ዋጋ ከአንድ ያልተለቀቀ ሞዴል ጋር አይወዳደርም።

የማቆያ ጊዜውን አሳጥሩት። የተለመደ የፍተሻ ቪዲዮ ሪፖርቱ እስኪጸድቅ ቢቆይ ይበቃል፤ ከዚያ የሚቀረው ጉድለቱን የሚያሳዩት ጥቂት ምስሎች ናቸው። ከሥራ ተቋራጭ ጋር በሚፈረመው ውል ላይም ቀረጻው የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጠፋና ማጥፋቱን በጽሑፍ እንደሚያረጋግጥ ይግባ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ይህ ማረጋገጫ ሲደርስ ይሁን፤ ከዚህ የሚሻል ማስታወሻ አላውቅም።

ደረጃ 8፦ የሌላ ሰው ድሮን ሲመጣ

ግቢያችሁ ላይ የማታውቁት ድሮን ሲታይ የመጀመሪያው ስሜት ማውረድ ነው። አታድርጉት። በአሜሪካ ሕግ ድሮን አውሮፕላን ስለሆነ መምታት ከባድ ወንጀል ነው፤ የሬዲዮ ማወኪያ መጠቀምም ለግል ድርጅት የተከለከለ ነው። በሌሎች ብዙ አገሮችም ሕጉ ተመሳሳይ ስለሆነ የራሳችሁን አጣሩ። ከዚህም በላይ ማወኪያው የገዛ ፋብሪካችሁን ዋይፋይ ያውካል።

የሚቻለው ማወቅ፣ መሸፈንና ማሳወቅ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት ብዙ ድሮኖች ሪሞት አይዲ የተባለ መለያ በሬዲዮ እንዲያሰራጩ ይገደዳሉ። የአሜሪካው መለያ የድሮኑን ቦታ ብቻ ሳይሆን የመቆጣጠሪያውን ወይም ድሮኑ የተነሳበትን ቦታም ይናገራል። ተቀባይ መሣሪያ ካላችሁ የጥበቃ ሠራተኛው አብራሪው የቆመበትን ቦታ ለፖሊስ ሊጠቁም ይችላል። ክፉ ያሰበ ሰው መለያውን ሊዘጋው ስለሚችል ዓይንና ጆሮ አይተካም። መለያው የእናንተንም አብራሪ ቦታ ለማንም ስለሚናገር፣ ከአጥር ውጭ ብቻውን የሚሠራ አብራሪ አጃቢ ይኑረው።

ለጥበቃው የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ይሁን፦ ሰዓቱንና የመጣበትን አቅጣጫ ጻፍ፤ የሙከራ ሜዳውን በሬዲዮ አስጠንቅቅ፤ መኪኖቹ ይሸፈኑ፤ ለፖሊስ ደውል። ከዚያ ጣሪያውን አስፈትሹ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነ አንድ አጋጣሚ በአሜሪካ የሚገኝ የፋይናንስ ድርጅት በውስጥ ኔትወርኩ ላይ ያልተለመደ እንቅስቃሴ አይቶ ምንጩን ሲከተል፣ የዋይፋይ መጥለፊያ መሣሪያ የተሸከሙ ድሮኖች ጣሪያው ላይ አርፈው ተገኝተዋል። ስለዚህ ድሮን በታየ ቀን የኔትወርክ ባለሙያው አዲስ ወይም የድርጅቱን ስም የያዘ ሐሰተኛ ዋይፋይ መኖሩን ይፈልግ።

ደረጃ 9፦ መኪኖቹም ኢላማ መሆናቸውን አስቡ

በመኪና ኢንዱስትሪ ውስጥ ድሮን ፎቶ ከማንሳት ያለፈ ነገር ያደርጋል። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ዋይፋይ የተሸከመ ድሮን በቆመ ቴስላ ላይ ሲያንዣብብ የመኪናውን የመዝናኛ ሥርዓት ያለ ማንም ሰው ተሳትፎ ሰብሮ በሮቹንና የኋላ ክዳኑን ሊከፍት እንደሚችል አሳይተዋል። መኪናው በሚያውቀው የአገልግሎት ዋይፋይ ስም ሲጠራ በራሱ ይገናኝ ነበር። ኩባንያው ድክመቱን ቀደም ብሎ በ2020 ዘግቶታል። በእስራኤል የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2019 ፕሮጀክተር ከተሸከመ ድሮን ግድግዳ ላይ ለቅጽበት የፈነጠቀ የፍጥነት ምልክት የአሽከርካሪ ረዳት ካሜራን እንደሚያሳስት አሳይተዋል።

ከእነዚህ የሚወሰደው ተግባር ሁለት ነው። ግቢ ውስጥ የቆሙ መኪኖች የሚያውቁትን ዋይፋይ ፈልገው በራሳቸው እንዳይገናኙ አድርጉ፤ በተለይ በየመስመሩ መጨረሻ ሶፍትዌር የሚጭነው ዋይፋይ ከአዳራሹ ውጭ እንዳይደርስ ኃይሉን ቀንሱ። ሁለተኛ፣ የመኪና ሳይበር ደህንነት መስፈርት በሆነው አይኤስኦ/ኤስኤኢ 21434 መሠረት የሚሠራው የስጋት ትንተና «አጥቂው ከመኪናው አጠገብ መቆም አለበት» የሚል ግምት ካለው ከልሱት። ድሮን አጥሩን ዘልሎ አጥቂውን አጠገቡ ያደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ሳይበር ደህንነት ደንብ ቁጥር 155 አምራቹ በመኪናው ዕድሜ ሁሉ ስጋቱን እንዲከታተል ስለሚያስገድድ፣ ይህ ክለሳ ሲመረመር የሚታይ ሰነድ ነው።

ደረጃ 10፦ ለክፉ ቀን ተለማመዱ፤ ድሮኑንም በሥርዓት አሰናብቱ

የሚለማመዱት ጉዳይ አንድ ይሁን፦ ድሮኑ ከነካርዱ ከአጥር ውጭ ወድቆ ጠፋ። ማን ይነገረዋል? አካውንቱን ማን ይዘጋል? በካርዱ ላይ ምን እንደነበር ከመዝገቡ በስንት ደቂቃ ይታወቃል? የሰዎች ምስል ካለበት በአውሮፓ ደንብ መሠረት መረጃው መውጣቱ ከታወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ቅዳሜና እሁድንም ነው። ስለዚህ ልምምዱን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አድርጉት።

ድሮን አርጅቶ ሲሸጥ ወይም ለጥገና ሲላክ ካርዱ ይወጣል፤ የውስጥ ማስታወሻው ይጸዳል፤ የበረራ መዝገቡ ተቀድቶ ከድሮኑ ይሰረዛል፤ የማቭሊንክ ወይም የሬዲዮ ቁልፉ ይለወጣል፤ ድሮኑ ከድርጅቱ አካውንት ይፈታል። የማረፊያ ሳጥኑ ካለም የኔትወርክ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ። በጥበቃ በሩ መዝገብ ላይ የመለያ ቁጥሩ መስመር በቀይ ይሰረዝና የሰረዘው ሰው ይፈርምበት።